«ስንት ደረሰ?» እያልኩ የጠየቅሁት አበልጄ

ይህ የደረሰብኝ ሚሌኒየሙ ከተከበረ ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በጥር ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የቀረጽኳቸውን ሙሽሮች መንገድ ላይ ሲያስቆሙኝ እንኳ ስማቸው አይመጣልኝም። ይህን ግን መርሳት አልቻልኩም። የጎዳኝ ሌባ ወይም ባላንጣ ቢሆን ይረሳ ነበር። የጎዳኝ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ሰው ነው።

ላሊበላ ውስጥ ትንሽ የፎቶና የቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሰርግ እቀርጻለሁ፣ ቀርጬ አቀናብራለሁ። የከተማው ሰው ፊልሙን በዲቪዲ አድርጎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። የገጠሩ ሰው ግን ምን ያደርግበታል? መብራት የለው፣ ቴሌቪዥን የለው። ዲቪዲውን ብሰጠው ሣጥን ውስጥ ጭስና አይጥ ያበላሸዋል። ስለዚህ «እዚያው አንተ ጋ ይቀመጥልን፤ መብራት ሲገባልን እንወስዳለን» ይሉኛል። እኔም እሺ እላለሁ። ለገበያ ሲመጡ ጎራ ብለው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ያዩና ስቀው፣ አንዳንዴም አልቅሰው ይሄዳሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ የአርባ ምናምን ቤተሰብ ፊልም በአደራ ተከማቸብኝ።

አደራ ጥብቅ ነው። እኔም አልተኛሁበትም። ኮምፒውተሩን ያዋቀረልኝ የአዲስ አበባ ባለሙያ ሁለት ዲስክ ጥንድ አድርጎ አሠራልኝ። በአንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ያኔውኑ በሌላውም ላይ ይጻፋል። ልዩ ዕቃ የለውም፣ በሶፍትዌር ብቻ ነው። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ሙሉውን ይዞ ይቆያል። የሞተው ወጥቶ አዲስ ሲገባ ደግሞ ማሽኑ ከደህናው ወደ አዲሱ ይገለብጣል። ስክሪኑ ላይ ከመቶ ስንት እንደደረሰ እየቆጠረ ያሳያል። መቶ እስኪሞላ ድረስ ግን ያለህ አንድ ዲስክ ብቻ ነው። በዚያ መሃል እሱ ከተበላሸ ሁሉም ነገር አለቀ ማለት ነው።

ያን ጥር አንደኛው ዲስክ ሞተ። አዲስ ዲስክ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ዲስኩ በእጄ በገባ ማግስት የገነተ ማርያሟ እትዬ ዘርፌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሱቄ መጣች።

እትዬ ዘርፌ ከሁለት ዓመት በፊት ልጇን ስንዱን ስትድር ቀርጬላት ነበር። ባለቤቷ አያ ካሳው ቀጠን ያለ፣ ነገሩ ሁሉ ቀልድ የሆነ ገበሬ ነበር። ፎቶ ተነስቶ አያውቅም፤ በሕይወቱ ካሜራ ፊት የቆመው ያን አንድ ቀን ብቻ ነው። ስንዱ ከቤት ልትወጣ ጉልበቱን ስትስም እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ረዘም አድርጎ መርቋታል። እሱም ፊልሙ ላይ አለ። አያ ካሳው በዚያ ዓመት የገና በዓል ካለፈ በኋላ ታሞ፣ በሦስት ቀን ሞተ። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም።

«ልጄ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ አርባው ይወጣል» አለችኝ። «ስንዱ አባቷን ልትሰማው ትፈልጋለች። መልኩንም ድምፁንም የያዘው ያንተ ሣጥን ብቻ ነው።»

«ምንም አያስቡ እትዬ» አልኳት። «ቴሌቪዥኑንም ጀነሬተሩንም በአህያ ጭኜ እመጣለሁ። ቀሳውስቱ ተዝካሩን በልተው ሲነሱ፣ እናንተ ቤተሰቡ ብቻ ስትቀሩ አሳያችኋለሁ።»

መረቀችኝና ሄደች። አፌ ላይ እንደመጣልኝ ነው ቃል የገባሁት፤ ደግሞም ቀላል ነገር ነበር።

የቀረው ዲስክ ግን ድምፁ ደስ አይልም ነበር። አልፎ አልፎ ቀጭ ቀጭ ይላል። ዛሬ ቢሆን ከሁሉ በፊት የእሷን ፊልም ብቻ በዲቪዲ አወጣ ነበር። ያን ጊዜ የአርባ ምናምኑም ቤተሰብ ነገር አስጨነቀኝና፣ መጀመሪያ ወደ አዲሱ ሁሉም ይገልበጥ፣ ከዚያ ከአዲሱ ላይ በሰላም እሠራለሁ አልኩ። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ በማንም አላሳብብም።

ሌላው ችግር የሰርግ ወቅት መሆኑ ነው። ለእሁድ ጋሸና ሰርግ ይዣለሁ። ሙሽራ ደግሞ «ነገ ና» አይባልም። መገልበጡ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መብራቱም እንደምታውቁት ነው። ሲጠፋ ዩፒኤስ የሚባለው ባትሪ አሥር ደቂቃ ይይዛል፤ በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ጀነሬተሩን የሚያስነሳ ሰው ማሽኑ አጠገብ መቀመጥ አለበት። ያ ሰው ደምሴ ሆነ።

ደምሴ አብሮ አደጌ ነው። አስጎብኚ ነው። እንግዳ በሌለበት ጊዜ ሱቄ ይውላል፣ ኮምፒውተሩን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው፤ ቤቴ ሲገባ ማንኳኳት አያውቅም። እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አዲሱን ዲስክ አብረን አስገብተን መገልበጡን አስጀመርን። ቁጥሩ አንድ ሲል አይተን ተጨባበጥን።

«ደምሴ፣ ከወንበሩ አትነሳ። መብራት ከጠፋ ጀነሬተር። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካበዛ ወዲያው ደውልልኝ፤ አስቁመን የአያ ካሳውን ፊልም ብቻ እናወጣለን» አልኩት።

«ኧረ ሂድ አበልጅ፣ አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ። ሙሽሪት ትጠብቅሃለች» አለኝ እየሳቀ።

ጋሸና ገብቼ አራት ሰዓት ላይ ደወልኩ። «ስንት ደረሰ?» አልኩት። «ሃያ አምስት» አለኝ። ተመስገን አልኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ሙሽራው ከቤቱ ሲነሳ ደወልኩ። «ሃምሳ።» መብራቱስ? «አለ።» ድምፁስ? «ጸጥ ብሏል፣ ተኝቷል በለው።» ስምንት ሰዓት ላይ በጭፈራው መሃል አንድ ጆሮዬን ይዤ ደወልኩ። «ሰባ አምስት» አለኝ። አሥር ሰዓት ላይ ራሱ ደወለልኝ። «መቶ ሞላ። ዘግቼ ወጣሁ። እንኳን ደስ አለህ» አለኝ። እዚያው ሰርግ ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ለማላየው ሰው፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁት።

ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ልብ በሉ፤ ተንኮሉ ይህ ነው። ተጨንቄ ብውል ኖሮ ከጋሸና ላሊበላ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ካሜራውን ለአንድ ሰው ሰጥቼ እበር ነበር።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ተመለስኩ። ኮምፒውተሩን ስከፍት ፊልሞቹ ያሉበት ክፍል የለም። አሮጌው ዲስክ አይዞርም። እጄን ጣል ባደርግበት በድን ነው። አዲሱ ላይ ያለው የሚከፈት ነገር አይደለም። ደምሴን ጠራሁት። ሮጦ መጣ፣ ስክሪኑን አየ፣ ራሱን ያዘ።

«መቶ ሲሞላ በዓይኔ አይቼ ነው የዘጋሁት» አለ። «ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር ሆኗል። ምናልባት አዲሱም ዲስክ ከፋብሪካው ችግር ኖሮበት ይሆናል።»

አመንኩት። ጭራሽ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንባዬ ሲመጣ አብሮኝ አለቀሰ። ትከሻዬን እየደባበሰ «የእግዜር ነገር ነው አበልጅ፣ ምን ይደረጋል» ይለኛል። እኔም የእግዜር ነው አልኩ። ሁለቱንም ዲስኮች አዲስ አበባ ላኩ። ባለሙያው ረቡዕ ማታ ደውሎ አሮጌው ውስጡ ተፍቆ እንዳለቀ፣ አዲሱም ላይ የሚለቀም እንደሌለ ነገረኝ።

ለእትዬ ዘርፌ ማን ይንገራት? በስልክ የሚባል ነገር አይደለም። ሐሙስ ጠዋት ወደ ገነተ ማርያም ልሄድ ስነሳ ደምሴን «አብረን እንሂድ፣ ብቻዬን አፌ አይፈታም» አልኩት። እንግዳ አለብኝ አለ። እውነት መሰለኝ። የጭነት መኪና ግማሽ መንገድ አደረሰኝ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ።

ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። በአካባቢው የስልክ ኔትወርክ የሚይዘው የእሷ ደጅ ብቻ ስለሆነ፣ ስልክ ያለው መንገደኛ ሁሉ እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል። እትዬ ዘርፌ ለተዝካሩ ጌሾ እየወቀጠች ነበር። ስታየኝ ፊቷ በራ። ከቴሌቪዥኑ ጋር የመጣሁ መስሏት በትከሻዬ ላይ አሻግራ አህያ ፈለገች።

ቁጭ አልኩና ነገርኳት። ዲስክ ምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። «ፊልሙ ጠፋ እትዬ። አያ ካሳው ጠፋብኝ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ሙቀጫው ውስጥ ያለውን ጌሾ በጣቷ ታማስላለች። ቀጥሎ እንዲህ አለችኝ።

«እንዴት ጠፋ ልጄ? እሁድ እየተሠራ አልነበረም እንዴ?»

«ማን ነገረዎት?» አልኳት።

«ደምሴ ነዋ። እሁድ ፈረንጆች ይዞ ገነተ ማርያም መጥቶ ዋለ። እነሱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያዩ እሱ እዚህ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ስልክ ያናግራል። አንድ ጊዜ ሃምሳ ሲል ሰማሁት። ቆይቶ ደግሞ ሰባ አምስት አለ። ‹ምኑ ነው ሰባ አምስቱ?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹የአያ ካሳው ፊልም ነው እትዬ፣ ሊያልቅ ነው› አለኝ። እኔ ደግሞ እጅህ ይባረክ ብዬ ጠላ ቀዳሁለት።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፣ ደገመችልኝ። ያው ነው። ደምሴ ከሱቄ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ባለቤቷን በቀበረች ሴት ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ያላየውን ቁጥር ለእኔ ይነግረኝ ነበር። ለእሷም ነገራት። ጠላዋንም ጠጣ።

ለእትዬ ዘርፌ አልነገርኳትም። ለምን እንዳልነገርኳት ዛሬም አላውቀውም። የመረቀችውን ሰው መልሳ እንድትረግም አልፈለግሁም መሰለኝ።

ሱቄ እንደተመለስኩ ያላደረግሁትን አደረግሁ። ኮምፒውተሩ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበት መዝገብ አለው። የሚቀመጠው ለብቻው በሌላ ትንሽ ዲስክ ላይ ስለሆነ አልጠፋም። ደምሴን ስለማምነው ከፍቼ አላየሁትም ነበር። ሰዓቱ የፈረንጅ ስለሆነ ስድስት እየቀነስኩ አነበብኩት። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከመቶ አሥራ ዘጠኝ ላይ እንደደረሰ መብራት ጠፍቷል። ዩፒኤሱ አሥር ደቂቃውን ይዞ ለቀቀ። ጀነሬተር የሚያስነሳ የለም። አምስት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ተነስቶ ከዜሮ ጀምሯል። ሰባት ሰዓት ላይ እንደገና ጠፋ። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል ተነስቶ ከመቶ አራት ላይ ደረሰ። ከዚያ አሮጌውን ዲስክ ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ጻፈ፤ በዚያው ቆመ። ያረጀ መኪና መንገድ ላይ እየጠፋ በግፊት ሲነሳ ሲነሳ ሞተሩ ነክሶ እንደሚቀር ማለት ነው። ሰባ አምስት ባለኝ ሰዓት ማሽኑ ከመቶ አራት ላይ ነበር።

ያሳፈረኝ ደግሞ የራሴ ሞኝነት ነው። ዲስክ ሲገለበጥ መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ወደ መጨረሻው ይዘገያል። ይህን አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። ሃያ አምስት፣ ሃምሳ፣ ሰባ አምስት፣ መቶ የሚል ማሽን የለም። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ሩብ፤ የልጅ ሒሳብ ነው። እንኳን ለእኔ ለማንም ይገባ ነበር። ግን የሚነግረኝ አበልጄ ነዋ።

ደምሴን አስጠራሁት። መዝገቡን ከፍቼ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞርኩለት። አነበበው። አልካደም።

«ለምን?» አልኩት።

«የድሮ እንግዶቼ ድንገት መጡብኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይዛቸው ብዬ ነው። መብራቱ ጠዋት ደህና ነበር፣ አይጠፋም አልኩ። አንተ ደግሞ ሙሽራ ፊት ቆመህ ልብህ እንዳይሰቀል ብዬ…»

«ስትመለስስ?»

እየተንተባተበ ነገረኝ። ማታ ላይ ሱቁን ከፍቶ ዲስኩ መሞቱን አይቶ ኖሯል። ሰኞ ሮጦ ሲመጣ፣ ራሱን ሲይዝ፣ አብሮኝ ሲያለቅስ ሁሉንም ያውቅ ነበር። ትቶ መሄዱን ይቅር ልለው እችል ነበር፤ ሰው ነው፣ እንጀራው ነው። ያ ልቅሶ ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

«እንግዲህ ሰው እንደገደልኩ አታድርገው» አለኝ በመጨረሻ። «ፊልም ነው።»

ውጣ አልኩት። ወጣ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ የሌላ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ወሬው ተዛምቶ ነበር። ፊልማቸውን እኔ ጋ ያስቀመጡት ሁሉ ሱቄን ሞሉት። አንዳንዱ አጽናናኝ። አንድ ሽማግሌ ግን በሰው ፊት አደራ በላ አሉኝ። ደምሴ ከበሩ ማዶ ቆሞ ነበር፤ ሰምቷል። አንድ ቃል አልተናገረም። አጎንብሶ ሄደ።

አርባው የወጣው የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ባልሄድ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን በቀብሩም አልነበርኩም። ባዶ እጄን ሄድኩ። ቀሳውስቱ ተነሱ፣ ጎረቤቱ ተበተነ። ስንዱ ልጅ አዝላ ወደ እኔ መጣች። ሁለት ዓመት አላየኋትም፤ ትልቅ ሴት ሆናለች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ያን ቀን ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ እያለቀስኩ ስለነበር አንድም ቃል አልሰማሁም። እየተቀረጸ ነው፣ በኋላ እሰማዋለሁ ብዬ አላዳመጥኩም፤ ርቄ ስለተዳርኩም ሳላየው ቀረሁ። አንተ ግን አጠገባችን ነበርክ። ምን ብሎ ነው የመረቀኝ?»

አጠገባቸው ነበርኩ፤ እውነቷን ነው። ከአያ ካሳው አፍ አንድ ክንድ አልርቅም ነበር። የማስታውሰው ግን የካሜራውን ባትሪ ነው። ቀዩ መብራት ብልጭ ብልጭ ይል ነበር። አያ ካሳው ሳይጨርስ እንዳያልቅብኝ ዓይኔን እዚያ ላይ ተክዬ ቆየሁ። ምርቃቱን አልሰማሁትም፤ ሳቀናብረውም ምስሉን ብቻ እያየሁ በጥድፊያ አልፌዋለሁ። እኔም እንደሷ ካሜራው ይሰማል ብዬ ነበር።

እሷ ትጠብቃለች። እናቷም መሶብ ማንሳቱን ትታ ዞራ ታየኛለች። አልሰማሁም ማለት አፈርኩ።

«ውለጂ ክበጂ አለሽ» አልኳት። «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ አለ። ቤታችሁ አይጉደል፣ እህል ውኃችሁ ይባረክ አለ።»

ስንዱ ትንሽ አየችኝ። ያዘለችውን ልጅ ከፍ አድርጋ አመቻቸች።

«ይህንንማ የሁሉም አባት ይለዋል» አለች ቀስ ብላ፤ ተነስታም ከእናቷ ጋር መሶቡን ያዘች።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ከደምሴ ጋር መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ልጄ የክርስትና አባቱን በዓል ሲሆን ይጠይቀዋል፣ አልከለከልኩትም። ሰዎች አስታርቀውናል፤ አፌ ይቅር ብሏል፣ ሆዴ ግን አላመነውም፣ አያምነውምም። አንዳንድ ቀን ሲብስብኝ ሄጄ የልቤን ልነግረው እነሳለሁ። በር ላይ ስደርስ ስንዱ ትዝ ትለኛለች። ያላየውን አየሁ ብሎ የነገረኝን ሰው ምን እለዋለሁ? ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ለእሷ የነገርኳት እኔ ነኝ። እሷን ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኋትም።